እንዲሸት የተጸዳ ክፍል

ለመሆኑ ንጹሕ ወለል ምን ምን ይሸታል? እናንተን ነው የምጠይቀው። ቢሮ ስትገቡ፣ ክሊኒክ በር ላይ ስትደርሱ፣ ልጃችሁን ትምህርት ቤት ስታደርሱ አየሩን በአፍንጫችሁ ሳብ አድርጋችሁ «እሰይ፣ ዛሬ ጸድቷል!» የምትሉት ምን ሸትቷችሁ ነው? በረኪና አይደለም? ዓይን የሚያስለቅስ፣ ጉሮሮ የሚከረክር በረኪና ካልሸተታችሁ ወለሉ ፊታችሁን እንደ መስታወት ቢያሳያችሁ እንኳ አታምኑም። እኔም አላምንም ነበር። ይህ አለማመናችን አንዲትን ሴት ምን እንዳደረጋት ካወቅሁ አሥራ አንድ ቀን ሆነኝ። ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም፤ እንዲለቀኝም አልፈልግም።

ልጄ የምትማርበት መዋዕለ ሕፃናት አምስት ክፍልና አንድ ረጅም ኮሪደር አለው። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ነጣ ያለ ሴራሚክ ነው። መቶ ሃያ ሕፃናት በቀን ውስጥ ጭቃ፣ ወተት፣ የእርሳስ ቅርፊትና ሌላም የማይነገር ነገር ያፈሱበታል። ይህን ወለል ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያጸዳችው አንዲት ሴት ናት። የመዝገብ ስሟን ከወላጆች መካከል የሚያውቀው የለም፤ ሁላችንም ልጆቹ ባወጡላት ስም «እትዬ ልቅም» እንላታለን። አንድ ክፍል ጨርሳ በወጣች ቁጥር ወገቧን ይዛ ቀና ትልና «ይኸው፣ ልቅም አለ!» ስለምትል ነው።

ለዘጠኝ ዓመት መሣሪያዋ ባልዲ፣ ጨርቅና በረኪና ነበር። ዘንድሮ ግን ትምህርት ቤቱ እየመጠጠ የሚወለውል ማሽን ገዛ። ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ቆሞ የሚገፋ፣ ባለ እጀታ ነገር ነው። ሁለት የውሃ መያዣ አለው። ከአንደኛው ንጹሕ ውሃ ከጥቂት ሳሙና ጋር ወደ ወለሉ ይረጫል፤ ከሥሩ ያለው ተሽከርካሪ ብሩሽ ያሻል፤ ወዲያው ደግሞ ቆሻሻውን ውሃ ከነአቧራው መጥጦ ወደ ሁለተኛው መያዣ ይከተዋል። ወለሉ በሦስት ደቂቃ ይደርቃል። እትዬ ልቅም በሁለተኛው ቀን «ጠጪው» ብላ ስም አወጣችለት። መያዣው ሞልቶ ማሽኑ ራሱን ሲያጠፋ «ጠጪው ጠገበ፤ አሁን ደግፋችሁ ውሰዱት!» እያለች የትንንሾቹን ክፍል መምህርት ታስቃት ነበር።

ይህች መምህርት ወጣት ናት፤ ከዚህ በታች ያለውን አብዛኛውን የነገረችኝም እሷ ናት። በመጀመሪያው ሳምንት እትዬ ልቅም የቆሻሻውን መያዣ በሁለት እጇ አቅፋ ወደ ክፍሏ መጣች።

«ቲቸር፣ ነይ እስቲ ጉድ እዪ!»

«ምንድን ነው እሱ? የመኪና ዘይት ነው?»

«ዘይት ትላለች! ያንቺ ክፍል ወለል ነው። ትናንት ጠዋት በጨርቅ ወልውዬ፣ ማታ ደግሜው የሄድኩት! ለካ እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቆሻሻውን ከዚህ ጥግ ወደዚያ ጥግ ቤት ሳለዋውጠው ነው የኖርኩት።»

«ታዲያ የዘጠኝ ዓመት ደሞዝሽን ልትመልሺ ነው?»

«ወገቤን ይመልሱልኝና እመልሳለሁ!»

ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ ቀን በኋላ እትዬ ልቅም ወለል መጽዳቱን የምታውቀው በዚያ መያዣ ነው። ውሃው ጠቁሮ ከወጣ ትደግማለች፤ ጠርቶ ከወጣ «ልቅም አለ» ትላለች። ልብ በሉ፤ ይህች ማንም ያላስተማራት ሴት በዓይኗ የምታየው ማስረጃ ነበራት። እኛ የተማርነው ደግሞ አፍንጫችንን ይዘን መጣን።

ማጉረምረሙ የተጀመረው በር ላይ ነው። አንዱ አባት «ምነው ዘንድሮ ጽዳት ቀረ እንዴ? ምንም አይሸትም እኮ» አለ። አንዲት እናት ተቀበለችው፤ «ማሽን ሲገባ ሰው ይሰንፋል፤ ደግሞ በውሃ ብቻ ምን ይጸዳል?» አለች። ሌላዋ «ድሮ እኮ ገና ከመንገዱ ይሸተን ነበር» ብላ ናፈቀች። በረኪና ይናፈቃል? በእኛ ዘንድ ይናፈቃል!

እኔ ደግሞ ማጉረምረም አይበቃኝም፤ መጻፍ እወዳለሁ። በበሩ አጠገብ ካለው የአስተያየት መዝገብ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ቀድሞ ስንገባ የንጽሕና ሽታ ይቀበለን ነበር። አሁን የለም። ለመሆኑ አዲሱ ማሽን ያጸዳል ወይስ ይሽከረከራል?» ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አንብቤ ፈገግ ብዬ ነበር። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ብዕርም ሲያመልጥ አይታወቅም። ከሥሩ ስድስት ወላጆች «እኔም እስማማለሁ» ብለው ፈረሙ።

በማግስቱ ዳይሬክተሯ እትዬ ልቅምን ትንንሾቹ ክፍል ውስጥ አገኘቻት። በዕድሜ የእትዬ ልቅም ልጅ ትሆናለች፤ የምትጠራት ግን «አንቺ» ብላ ነው። መምህርቷ ጥግ ላይ የልጆች ሥዕል ትለጥፍ ነበር።

«አንቺ፣ ወላጆች እያማረሩ ነው። አልጸዳም ብለው ጽፈዋል።»

«ጸድቷል እኮ እመቤቴ። ካላመኑ ነጭ ካልሲ አድርገው ይሂዱበት፤ ጥቁር ነገር ከነካዎ እኔ በምላሴ እልሰዋለሁ።»

«ወላጅ በካልሲ አይደለም የሚያየው፤ በአፍንጫው ነው። በረኪና ጨምሪበት።»

«እዚህ ማሽን ውስጥ? የገጠመልን ባለሙያ ውሃና የራሱ ሳሙና ብቻ ነው ያለኝ። አብሮት የመጣው ወረቀት ላይም ሥዕሉ አለ፤ ጠርሙስ ተስሎ በቀይ ተሰርዟል።»

«ዳይሬክተሩ ማነው፤ እኔ ነኝ ወይስ ሥዕሉ?»

እትዬ ልቅም ምን ትመልስ? በረኪና ጨመረች። በሳምንቱ የማሽኑ ብሩሽ ነጣ፤ እሷም ደረቅ ሳል ያዛት። ወላጆች ግን ተደሰትን። እኔ ራሴ በሩ ላይ ቆሜ በረጅሙ ስቤ «አየህ? ሲነገራቸው ይሰማሉ!» ብዬ አጠገቤ ላለው ሰው ነግሬዋለሁ። የሳብኩት ከሷ ሳንባ የተረፈውን ነበር።

ከዚያ የወላጆች ጉብኝት ቀን መጣ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሯ እንደገና ወደ ትንንሾቹ ክፍል መጣች፤ መምህርቷም ዕቃ ስትሰበስብ ትሰማ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ባለው የእጅ መታጠቢያ አካባቢ ሴራሚክ ላይ የውሃ እድፍ ቢጤ አይታለች፤ ሽታውም አላረካትም።

«ነገ በጠዋት ግቢና ያንን የሽንት ቤቱን አሲድ ከበረኪናው ጋር ማሽኑ ውስጥ ጠብ አድርጊ። እድፉንም ያነሳዋል፤ እስከ በሩ ድረስም ይሸታል። መስኮት ደግሞ እንዳትከፍቺ፤ ወላጆች ሳይመጡ ሽታው ያልቅብናል።»

«ሁለቱን አንድ ላይ? እኔ እንኳ... ፈራሁ እመቤቴ።»

«ምን ያስፈራል? ሁለቱም ማጽጃ ናቸው። ማጽጃና ማጽጃ ተደምሮ መርዝ አይሆንም።»

ይሆናል! በቤታችሁም፣ በቢሮአችሁም፣ በየትም ቦታ ይሆናል! በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ እርጥብ ነገር ይፈልጋል፤ ዓይን፣ ጉሮሮ፣ ሳንባ። ሲያገኘውም ያቃጥለዋል። ክፍሉ የተዘጋ ከሆነ ጥቂቱ ይበቃል። ማሽኑ ደግሞ የሳበውን አየር ከበስተኋላው ስለሚተፋ ጋዙን ያዘለው አየር በቀጥታ የሚወጣው በሚገፋው ሰው ፊት ላይ ነው። ይህን ለማወቅ ኬሚስት መሆን አያስፈልግም፤ የበረኪናውን ጠርሙስ ጀርባ ማንበብ ይበቃ ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ያ ሁሉ መምህር በተሰበሰበበት ግቢ፣ ጠርሙስ የሚያነብ አንድ ሰው ጠፋ!

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ልቅም አንድ ሰዓት ላይ ገባች። የታዘዘችውን አደረገች፤ በረኪናውን ሞላች፣ አሲዱን ጠብ አደረገች፣ ክዳኑን ገጠመች፣ ትንንሾቹ የሚማሩበትና የሚተኙበት ክፍል ገብታ መስኮቱም በሩም እንደተዘጋ መግፋት ጀመረች። የክፍሉን ግማሽ ሳትጨርስ ማሽኑ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አወጣ። ሽታው የምታውቀው ሽታ አልነበረም። ዓይኗ ጨለመባት፤ ደረቷ እንደ ቡጢ ተጨበጠ። ማሽኑን ጥላ እየተደናበረች ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ሴትዮዋ ወጥታለች፤ ድናለች ማለት ነው። ግቢው ውስጥ ንጹሕ አየር አለ፤ ሮጣ መሄድ ትችል ነበር።

ግን ከበሩ በኩል የልጆች ድምፅ ሰማች። ወላጆቻቸው ማልደው ሥራ የሚገቡ ሦስት ልጆች ሁልጊዜ ቀድመው ይመጣሉ፤ ቦርሳቸውን የሚያስቀምጡትም እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ከሦስቱ አንዷ የእኔ ልጅ ናት።

እትዬ ልቅም ተመለሰች። ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅልላ ገባች፤ መስኮቶቹን በየተራ በረገደች፤ ያንን ማሽን በእጀታው ይዛ ኮሪደሩን ሙሉ እየጎተተች ግቢው ውስጥ አውጥታ ጣለችው። መምህርቷ ስትደርስ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። «ልጆቹን... እንዳታስገቢ» አለች። ከዚያ በኋላ መናገር አልቻለችም። እኛ ወላጆች «የዛሬው ጉብኝት ቀርቷል» ብቻ ተባልን።

ልጄ የዚያን ቀን ማታ «አባዬ፣ እትዬ ልቅም አለቀሰች» አለችኝ። «ምን ሆና?» አልኳት። «እኔ እንጃ፤ ወለሉን ስላልጨረሰች ነው» ብላ በራሷ መንገድ ተረጎመችልኝ። እኔ ያን ጊዜ እንኳ ነገሩ አልገባኝም ነበር። የሆነውን የሰማሁት ወደ መምህርቷ ስደውል ነው።

በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ሄድኩ። እትዬ ልቅም ፊቷ ላይ የኦክስጅን ጭንብል አለ። ሐኪሙ የሳንባዋ ውስጠኛ ሽፋን መቃጠሉን፣ ወራት የሚፈጅ ክትትል እንደሚያስፈልጋት፣ እንደ ድሮው መሥራት መቻሏም እንደሚያጠራጥር ነገረኝ። አልጋው አጠገብ ልብስ ሰፊ የሆነችው ልጇ ቆማለች።

«እርስዎ ከትምህርት ቤቱ ነዎት?»

«ወላጅ ነኝ። ልጄ... ከሦስቱ አንዷ ናት።»

እትዬ ልቅም ጭንብሉን በጣቷ ዝቅ አደረገች። ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። «ያቺ ቀይ ቦርሳ ያላት? ደህና ናት?»

«ደህና ናት» አልኳት። ከዚያ ነገርኳት። መዝገቡ ላይ የጻፍኩት እኔ መሆኔን፣ በዓረፍተ ነገሬ ተደስቼ እንደነበር ሁሉ ነገርኳት። ልጇ የያዘችውን የውሃ ኩባያ ጠረጴዛው ላይ ቋ አደረገችው።

«እንኳንም ጻፉ!» አለችኝ። «ጽሑፍ የሚችል ሰው መሆንዎ ያስታውቃል። እናቴ ስታስል ግን ምነው መዝገብ አጡ?»

«ተይው አንቺ» አለች እናትየው። ብዙ ሳለች፤ ጠበቅናት። «ልጄ፣ አንተ ያፍንጫህን ነው የጻፍከው። እኔን ያሳዘነኝ ሌላ ነው። በየቀኑ ጠዋት ባጠገቤ ታልፋለህ። አንድ ቀን ቆም ብለህ ‘እትዬ፣ ለምን አይሸትም?’ ብትለኝ ኖሮ ያንን ጥቁር ውሃ አሳይህ ነበር።»



ጉዱ ግን ገና አላለቀም። በአምስተኛው ቀን ሆስፒታሉ ድረስ ደብዳቤ መጣ። ማኅተም አለው፣ የዳይሬክተሯ ፊርማ አለው። እትዬ ልቅም «ከማንም ትእዛዝ ሳይሰጣቸው በራሳቸው ፈቃድ ኬሚካል በመቀላቀል፣ እንዲሁም ማሽኑን ወደ ግቢ በመወርወር የትምህርት ቤቱን ንብረት ስላበላሹ» ከሥራ መታገዳቸውን ይገልጻል። አያችሁ? በሕይወቷ ሙሉ «አንቺ» ስትባል የኖረች ሴት «እርስዎ» የተባለችው ልትባረር ሲሆን ነው! የደብዳቤው ትርጉም ደግሞ ቀላል ነው። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት አይባልም፤ ካልተባለ ደግሞ ሕክምናዋን ትምህርት ቤቱ አይሸፍንም፤ የታመመው ሳንባዋ የራሷ ጉዳይ ይሆናል ማለት ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏችኋል ይህ ነው።

ደብዳቤውን ይዤ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባሁ።

«ማን አዘዛት?» አልኳት።

«እርስዎ!» አለችኝና የአስተያየት መዝገቡን ገልጣ ፊቴ አስቀመጠችው። ጣቷን የእኔ ዓረፍተ ነገር ላይ አሳረፈች። «ይኸው የእጅ ጽሑፍዎ። ሰባት ሆናችሁ ፈርማችኋል። እኔ የወላጅ ፍላጎት አስፈጸምኩ።»

«እኛ አሲድ አላልንም። መስኮት ዝጉ አላልንም።»

«እኔስ መቼ መርዝ አልኩ? ሽታ ነው ያልኩት!»

«ይህን ለሆስፒታሉ ይጻፉላታ። ‘ሽታ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ’ ይበሉ።»

«ትምህርት ቤቱን ላስዘጋ? መቶ ሃያ ልጅ የት ይሂድ? አንድ ሰው...» ብላ አቆመች። አልጨረሰችውም። እኔ ግን በልቤ ጨረስኩት። አንድ ሰው ብትጎዳ ምን አለበት ነው ነገሩ! ያውም ለልጆቹ ብላ የተመለሰች ሰው!

ከዚያ ስወጣ መምህርቷ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። «እኔም የምበላው ከዚህ ነው» አለች ዓይኗን ሰብራ። አልፈረድኩባትም። በማግስቱ ግን ራሷ ደወለችልኝ። «ሌሊቱን ሙሉ ‘እንዳታስገቢ’ የሚለው ድምፅዋ ጆሮዬ ላይ ነበር። ያየሁትንና የሰማሁትን ሁሉ እጽፋለሁ፤ እፈርምበታለሁም» አለችኝ። ጻፈች፤ ፈረመችም። ወረቀቱ እጄ ላይ ነው።

እኔም የድርሻዬን አድርጌአለሁ። ያንኑ የአስተያየት መዝገብ አስመጥቼ ከጽሑፌ ሥር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ከላይ ያለው ሐሰት ነው። ወለሉ ንጹሕ ነበር። ሳላይ፣ ሳልጠይቅ ጻፍኩ፤ በዚህ ምክንያት ሰው ተጎድቷል።» ሙሉ ስሜን አሰፈርኩበት። ከስድስቱ ፈራሚዎች አራቱ መጥተው ፈረሙ። ሁለቱ «ነገሩን አታካብድ» አሉኝ። ነገሩ መች ቀለለና!

እናንተም የምታነቡ ሰዎች፣ ዛሬውኑ የየቤታችሁን የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ክፈቱ። በረኪናን ከአሲድም፣ ከሆምጣጤም፣ ከሌላ ከምንም ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። ማሽኑ ውስጥ ባለሙያው ከፈቀደው ውጭ አንዳች ነገር አትጨምሩ። ስታጸዱ መስኮት ክፈቱ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚያጸዳላችሁን ሰው ጠይቁት፤ ከእናንተ ይልቅ ያውቃል። ንጽሕና ማለት ቆሻሻው ከዚያ ቦታ መወገዱ ነው። አፍንጫን ማስደሰት ከሆነ ዓላማው ሽቶ ነጋዴ ይበቃናል።

አሁን ለዳይሬክተሯ አንድ ነገር አለኝ። የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የወላጆች ጠቅላላ ስብሰባ አለ። እኔ ቀድሜ እቆምና ጥፋቴን በሰው ሁሉ ፊት እናገራለሁ፤ መምህርቷም ወረቀቷን ታነባለች። ከዚያ ተራው የእርስዎ ነው። በቢሮ አይደለም፣ በደብዳቤም አይደለም፤ የእትዬ ልቅም ልጅ ፊት ለፊት በተቀመጠችበት አዳራሽ ቆመው ይመልሱ፦ አሲዱን ከበረኪናው ጋር ቀላቅለሽ መስኮት ሳትከፍቺ አጽጂ ብለው ያዘዟት እርስዎ ነዎት ወይስ አይደሉም? አዎ ወይም አይደለም ይበሉን።